የፀሐይ ማዕበል፣ የምድር ሽቦ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1972 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ቬትናም የባሕር ዳርቻ ይበሩ የነበሩ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪዎች ግራ የሚያጋባ ነገር አዩ። ከጥቂት ወራት በፊት አገራቸው በውኃው ውስጥ ካጠመደቻቸው ፈንጂዎች ሁለት ደርዘን ያህሉ፣ አንድም መርከብ በአጠገባቸው ሳያልፍ፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ተከታትለው ፈነዱ። ፈንጂዎቹ የሚፈነዱት የመርከብ ብረት ሲቃረብ የሚፈጠረውን መግነጢሳዊ ለውጥ ሲያነቡ ነበር። ነገሩን ያጣሩት ባለሙያዎች የደረሱበት ድምዳሜ ግን ለውጡን ያመጣችው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ፀሐይ ናት የሚል ሆነ።

በዚያ ሳምንት በጠፈር ላይ ማንም ሰው አልነበረም። ይህ የሆነው በአጋጣሚ ነው እንጂ አስቀድሞ የተጠነቀቀ ሰው ስለነበር አይደለም። የአፖሎ 16 ተጓዦች ከጨረቃ የተመለሱት ኤፕሪል 27 ሲሆን አፖሎ 17 የተወነጨፈችው ዲሴምበር 7 ነው፤ ማዕበሉ ያረፈው በሁለቱ መሃል ነው። በኋላ የተሠሩ ስሌቶች እንደሚያሳዩት፣ በዚያ ሰዓት የጠፈር ልብስ ብቻ ለብሶ ጨረቃ ላይ የሚራመድ ሰው ቢኖር ኖሮ ለጨረር ሕመም የሚያበቃ መጠን ሊያገኘው ይችል ነበር፤ ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ ከዚያም የደም ሕዋሳት መመናመን። መንኮራኩር ውስጥ ያለ ሰው የተሻለ ዕድል ይኖረው ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠፈር ጉዞን የሚያቅዱ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ስለ ጨረር ሲነጋገሩ የዚያን ኦገስት ማዕበል እንደ መለኪያ ያነሱታል።

በዜና ላይ የፀሐይ ማዕበል ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ይደባለቃሉ። ሦስቱም መነሻቸው በፀሐይ ጥቁር ነጠብጣቦች አካባቢ የተጠማዘዘው መግነጢሳዊ መስክ ድንገት ተበጥሶ ሲቀጠል የሚለቀቀው ኃይል ነው፤ የሚደርሱበት ጊዜና የሚመቱት ነገር ግን ለየቅል ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ነበልባሉ ነው። ኤክስሬዩና አልትራቫዮሌቱ በብርሃን ፍጥነት በስምንት ደቂቃ ገደማ ደርሶ፣ ቀን በሆነበት የምድር ክፍል ላይ ያለውን አዮኖስፌር ያናውጠዋል፤ በዚያ ንብርብር እየነጠረ የሚሄደው አጭር ሞገድ ሬዲዮም ይጠፋል። ቀጥሎ ከፍተኛ ፍጥነት ያላቸው ፕሮቶኖች ይደርሳሉ፤ ፈጣኖቹ አሥር ወይም ሃያ ደቂቃ ቢበቃቸው ነው። የጠፈርተኛውን ሰውነትና የሳተላይቱን ቺፕ የሚበሱት እነዚህ ናቸው። በመጨረሻ በቢሊዮን ቶን የሚመዘን፣ የራሱን መግነጢሳዊ መስክ የተሸከመ የጋዝ ደመና ይመጣል። ደመናው ሲፈጥን በ15 ሰዓት፣ ሲዘገይ በሦስትና በአራት ቀን ይደርስና የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ይንጠዋል። በሺዎች ኪሎ ሜትር በተዘረጋ ሽቦ ውስጥ ማንም ያልላከው ጅረት የሚፈሰው ያኔ ነው።

የደመናው ጉልበት ብቻውን ግን ነገሩን አይወስንም። የተሸከመው መስክ ወደ ሰሜን ካዘነበለ አብዛኛው ኃይሉ ምድርን ታኮ ያልፋል። ወደ ደቡብ ካዘነበለ ከምድር መስክ ጋር ይጋጠምና በሩን ከፍቶ ይገባል። ይህ አንድ ዝርዝር የትንበያው ሥራ ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ ስለሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

የ1859ኙ ታሪክ ስለ ፀሐይ ማዕበል በተጻፈ ሁሉ ስለሚደጋገም እዚህ አጠር ይበል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሪቻርድ ካሪንግተን ሴፕቴምበር 1 ቀን ጠዋት ነጠብጣቦቹን በወረቀት ላይ ሲስል፣ በመካከላቸው ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን ለአምስት ደቂቃ ያህል በርቶ ጠፋ። ከ17 ሰዓት ተኩል በኋላ ማዕበሉ ምድር ደረሰ። በቦስተንና በፖርትላንድ ከተሞች መሃል ይሠሩ የነበሩ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ባትሪዎቻቸውን ነቅለው፣ ሰማይ በሰጣቸው ጅረት ብቻ መልእክት ሲለዋወጡ ቆዩ። በዚያ ዘመን ከፀሐይ ጋር የሚገናኘው የሰው ንብረት ይኸው የቴሌግራፍ ሽቦ ነበር፤ ጉዳቱም ከዚያ አላለፈም።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ባህሪዋን አልለወጠችም። በየ11 ዓመቱ ገደማ ትግላለች፣ ትበርዳለች። የተለወጠው በፊቷ የተዘረጋው ንብረት ነው፤ ያለፉት ማዕበሎች ታሪክም እያንዳንዱ ትውልድ የተመካበትን አዲስ ነገር ተራ በተራ የሚገልጥ ነው። በ1921 ሜይ በስዊድን ካርልስታድ ከተማ የስልክ ማዕከል በእሳት ጋየ። በሜይ 23 ቀን 1967 ደግሞ ጉዳዩ ከእሳት የከፋ ሊሆን ነበር። የሶቪየት ሚሳይል መምጣቱን እንዲያስጠነቅቁ በአላስካ፣ በግሪንላንድና በእንግሊዝ የተተከሉት የአሜሪካ ራዳሮች ሦስቱም በአንድ ጊዜ ታወኩ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የጠላትን ራዳር ማወክ የጥቃት መጀመሪያ ተደርጎ የሚቆጠር ድርጊት ነው፤ የአሜሪካ አየር ኃይልም ተጨማሪ አውሮፕላኖቹን ለመነሣት ማዘጋጀት ጀመረ። ያበረዱት ጥቂት የፀሐይ ተመልካቾች ናቸው። ሠራዊቱ የፀሐይን ሁኔታ የሚከታተል ክፍል ያቋቋመው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነበርና፣ ራዳሮቹን ያወከው ሞስኮ ሳይሆን የፀሐይ የሬዲዮ ጩኸት መሆኑ ለአዛዦቹ በጊዜ ተነገራቸው።

የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች የሚያነሱት ቀን ግን ማርች 13፣ 1989 ነው። በካናዳዋ ኬቤክ ክፍለ ሀገር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአርባ አራት ደቂቃ ላይ በምድር ውስጥ የተቀሰቀሰ ጅረት ወደ ማስተላለፊያ መስመሮቹ ገባ። ኬቤክ የተቀመጠችው ኤሌክትሪክ በቀላሉ በማያሳልፍ ጥንታዊ አለት ላይ ስለሆነ፣ ጅረቱ በመሬት ውስጥ ከመሄድ ይልቅ በመዳብና በአሉሚኒየም መሄድ ይቀለዋል። መስመሮቹ ደግሞ ከሰሜን ግድቦች እስከ ሞንትሪያል የሚወርዱ እጅግ ረጃጅሞች ናቸው። ቮልቴጁን የሚያረጋጉት መሣሪያዎች ራሳቸውን ለመከላከል ሲሉ አንድ በአንድ ጠፉ። እነሱ ሲጠፉ ማረጋጊያ ያጣው መረብ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ወደቀ። ስድስት ሚሊዮን ሰው በካናዳ ብርድ ለዘጠኝ ሰዓታት ያለ መብራት ቆየ። በዚያው ማዕበል በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የሚገኘው የሳሌም የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር ላይጠገን ተቃጠለ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ በዚያ ሌሊት መረቡን የጣለው የጥበቃ መሣሪያው አስተካከል መሆኑ ነው። የኬቤክ ኃይል ኩባንያ ከዚያ በኋላ መሣሪያዎቹ ቶሎ እንዳይደነግጡ አድርጎ አስተካከላቸው፤ በረጃጅሞቹ መስመሮች ላይም ይህን ጅረት የሚያግዱ ካፓሲተሮች ተከለ።

የ2003ቱ የኦክቶበር መጨረሻ ማዕበል ሲመጣ ዓለም ሌላ ዓለም ሆና ነበር። በስዊድን ማልሞ 50,000 ያህል ደንበኞች መብራት አጡ። ጃፓን ምድርን የምትከታተልበትን ትልቅ ሳተላይቷን ሚዶሪ 2ን አጣች። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የነበሩት ሰዎች ግድግዳው ወፈር ወዳለው የሩሲያ ክፍል፣ ወደ ዝቬዝዳ የኋላ ጫፍ፣ እንዲሸሸጉ ታዘዙ። በማርስ ዙሪያ ትዞር በነበረችው ማርስ ኦዲሲ ላይ ደግሞ ለወደፊት ተጓዦች የጨረሩን መጠን እንዲለካ የተገጠመው መሣሪያ በዚያው ጨረር ተበላሽቶ ዝም አለ። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ሊልክ አይችልም ነበር!

ቀጣዩ ምሳሌ በመጠኑ ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ትምህርቱ ግን ከሁሉ ይልቃል። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2022 ስፔስኤክስ 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶችን በ210 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ለቀቀ። በዚያን ጊዜ የነበረው ማዕበል፣ ማዕበሎች በኃይላቸው ከሚመደቡባቸው አምስት ደረጃዎች ከታች ያለ፣ በተለመደው ቀን ማንም ልብ የማይለው ነበር። ሆኖም የላይኛውን አየር አሞቀው፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ ያብጣል፤ ያበጠው አየርም ሳተላይቶቹን ጎተታቸው። እስከ 40 የሚሆኑት ወደ ታች ተስበው አየር ውስጥ ነደዱ። ለዚህ ኪሳራ ሌላ ካሪንግተን አላስፈለገም፤ ዝቅ ባለ ምሕዋር ላይ መጨናነቅ ብቻ በቂ ነበር።

በሜይ 10 ቀን 2024 ደረጃ አምስት የሆነው ማዕበል ከ2003 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረሰ። ሰዎች ፎቶ ሲያነሱት ያደሩት ቀይና አረንጓዴ ሰማይ እስከ ሜክሲኮ ታየ። የኤሌክትሪክ መረቦች በጥቅሉ ሳይወድቁ ቀሩ፤ አስቀድሞ ተነግሯቸው ስለነበር ተዘጋጅተው ጠብቀዋል። ያልጠበቀው የአሜሪካ ገበሬ ነው። የዘር ወቅት ነበርና በጂፒኤስ እየተመራ በሴንቲ ሜትር ልክ የሚዘራው ትራክተር መስመሩን ሳተ፤ ብዙዎቹ ማሽናቸውን አቁመው እስኪያልፍ ጠበቁ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሳተላይቶችም ያጡትን ከፍታ ለመመለስ በአንድ ጊዜ ሞተር ሲያስነሱ፣ ማን የት እንዳለ አስልቶ ግጭትን መተንበይ ለቀናት አስቸጋሪ ሆነ።

አቪዬሽኑም ተራውን አግኝቷል። በ2015 ኖቬምበር የስዊድን የበረራ መቆጣጠሪያ ራዳር በማዕበል ታውኮ የአገሪቱ ሰማይ በከፊል ለአንድ ሰዓት ያህል ተዘጋ። በኦክቶበር 30፣ 2025 ደግሞ ከሜክሲኮ ካንኩን ወደ ኒውዋርክ ይበር የነበረ ኤርባስ ኤ320 ድንገት አፍንጫውን ደፍቶ ወረደና ሰዎች ተጎዱ። ከአንድ ወር በኋላ ኤርባስ ኃይለኛ የፀሐይ ጨረር የበረራ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተርን መረጃ ሊያበላሽ እንደሚችል ገልጾ ወደ 6,000 በሚጠጉ አውሮፕላኖች ላይ ማስተካከያ እንዲደረግ አዘዘ። አንድ ቅንጣት ቺፕ ውስጥ ገብታ 0 የነበረውን 1 ማድረጓ በመሐንዲሶች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን የፀሐይ ሁኔታ ያን ያህል የተለየ እንዳልነበረ ያነሱ ባለሙያዎች አሉ፤ ቅንጣቷ ከሩቅ ከዋክብት ፍንዳታ የመጣች ልትሆን ትችላለች ይላሉ። አውሮፕላን ሲንገዳገድ ጥፋቱን ሁሉ ለፀሐይ መስጠት ቀላል ነው፤ ፀሐይ መልስ አትሰጥም።

ይህ ጥርጣሬ ወደ ትልቁ ክርክር ይወስዳል። የ1859ኙ ዓይነት ማዕበል ዛሬ ቢመጣ ምን ይሆናል? የመድን ገበያው ሎይድስ በ2013 ባወጣው ዘገባ በአሜሪካ ብቻ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ሰው ከ16 ቀን እስከ ሁለት ዓመት ያለ መብራት ሊቆይ ይችላል ብሏል። ምክንያቱ የትልልቅ ትራንስፎርመሮች መቃጠል ነው፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ከሱቅ አይገዛም፣ በትእዛዝ ነው የሚሠራው። በሰሜን አሜሪካ የኃይል መረብ አስተማማኝነትን የሚቆጣጠረው ተቋም ግን በ2012 ሌላ ነገር ጽፏል። እሱ እንደሚለው ይበልጥ የሚጠበቀው እንደ ኬቤክ ያለ የቮልቴጅ መውደቅ ነው፤ መረቡ ይወድቃል፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ይነሣል። ስለ ዕድሉም ስምምነት የለም። ፒት ራይሊ የተባሉት ተመራማሪ በ2012 በአሥር ዓመት ውስጥ የመከሰት ዕድሉን 12 በመቶ ሲያደርሱት፣ በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ከ2 በመቶ በታች አድርጎታል። የመድን ገበያና የመረብ ተቆጣጣሪ ስለ አንድ አደጋ የተለያየ ነገር ሲናገሩ የሁለቱንም ጥቅም ማሰብ ይገባል፤ እስካሁን በተግባር የታየው ግን ወደ ሁለተኛው ያደላል።

ሰማይ ጨርሶ ሊምር እንደሚችልም መረሳት የለበትም። በጁላይ 23፣ 2012 ከካሪንግተን ጋር የሚወዳደር ደመና ከፀሐይ ተወርውሮ የምድርን ምሕዋር አቋርጧል። ምድር በዚያ ቦታ አልነበረችም። የመታው ስቴሪዮ ኤ የተባለውን የናሳ መንኮራኩር ሲሆን መጠኑን የነገረን እሱ ነው።

አዲስ አበባ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው «የሰሜኖች ጉዳይ ነው» ሊል ይችላል። ግማሹ ልክ ነው። የሰሜን ብርሃን በኢትዮጵያ ሰማይ አይታይም፤ መረብ የሚጥለው ጅረትም ከዋልታዎቹ በራቀ ቁጥር ይደክማል። ቢሆንም የ2003ቱን ማዕበል ተከትሎ በደቡብ አፍሪካ በርካታ ትልልቅ ትራንስፎርመሮች መጎዳታቸውን የአገሪቱ ተመራማሪዎች መዝግበዋል፤ ኢትዮጵያም ዛሬ እንደ ኬቤክ ከግድብ እስከ ከተማ የ500 ኪሎ ቮልት መስመር የዘረጋች አገር ናት።

ሌላው ግማሽ ከዚህ ይለያል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በዚህ መስመር ላይ፣ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ አዮኖስፌሩ ውስጥ ከታች ወደ ላይ የሚነሡ አረፋዎች የጂፒኤስን ምልክት ያንቀጠቅጡታል፤ ማዕበል እነዚህን አንዳንዴ ያባብሳቸዋል፣ አንዳንዴ ያፍናቸዋል። ነበልባል ሲነሣም አጭር ሞገድ ሬዲዮ ክፉኛ የሚጠፋው ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት አገር ነው። በሴፕቴምበር 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ የካሪቢያን ደሴቶችን ሲመታ የነፍስ አድን ሥራውን በሬዲዮ ያገናኙ የነበሩ ሰዎች ይህን ቀምሰዋል፤ በዚያው ሳምንት የተነሣው ነበልባል ለሰዓታት አፋቸውን ዘጋው። መሬት በጂፒኤስ የሚለካ ባለሙያ፣ በአጭር ሞገድ የሚገናኝ አብራሪና የዕርዳታ ሠራተኛ ባለበት የወገብ አገር ሁሉ አደጋው ይህን ይመስላል።

ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1957 እና በ1958 ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ፣ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ በመሆኗ ካናዳዊው የጀዝዊት ካህን ፒየር ጉዋን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ በተባለው የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ይህንኑ ሰማይ ያጠናሉ፤ በ2012 ኖቬምበርም የዓለም የዘርፉ ሊቃውንት ለዚሁ ጉዳይ አዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር። ከዓለም ዙሪያ የሚሰበሰበው መረጃ ግን አሁንም የሰሜኑን ያህል የወገቡን አይነግርም።

አሁን ትንበያው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ፍንዳታውን ማየት ከባድ አይደለም፤ ደመናው መቼ እንደሚደርስም በሰዓታት ስህተት ይገመታል። መስኩ ወደ ደቡብ ማዘንበሉን ማወቅ የሚቻለው ግን ደመናው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ የቆሙትን መንኮራኩሮች ሲያልፍ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለመረብ ተቆጣጣሪ የሚቀረው ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2031 ሊልካት ያሰባት ቪጂል ፀሐይን ከጎን እያየች አደገኛ ነጠብጣቦች ወደ ምድር ከመዞራቸው ቀናት ቀድማ ትናገራለች። የመስኩን አቅጣጫ ግን እሷም አትነግርም።

ለጠፈርተኛ ይህ አንድ ሰዓት እንኳ የለም፤ ፕሮቶኖቹ ከዚያ በፊት ይደርሳሉና። ስለዚህ መሸሸጊያው አብሮት መጓዝ አለበት። ጨረር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወፍራም እርሳስ እዚህ አያዋጣም፤ ከባድ ብረት ሲመታ ራሱ ሌላ ቅንጣት ይረጫል። የሚሻለው ሃይድሮጅን የበዛበት ነገር ነው፤ ውኃ፣ ፕላስቲክ፣ ምግብ። ናሳ ሰዎችን ወደ ጨረቃ ለማጓጓዝ በሠራት በኦሪዮን መንኮራኩር የተዘጋጀው ዘዴም ይኸው ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ተጓዦቹ ስንቅና ዕቃቸውን በዙሪያቸው ደርድረው መሃል ይገባሉ። በ2022 መጨረሻ ኦሪዮን አርቴሚስ 1 በተባለው ተልእኮ ሰው ሳትጭን ጨረቃን ስትዞር ሄልጋና ዞሃር የተባሉ ሁለት የሴት አካል አምሳያዎች አሳፍራ ነበር። የጀርመንና የእስራኤል የጠፈር ድርጅቶች በጋራ የላኳቸው ሲሆኑ፣ ዞሃር የእስራኤሉ ስቴምራድ የሠራውን የጨረር መከላከያ ሰደርያ ለብሳለች፤ ሄልጋ ለማነጻጸሪያ እንዲሁ ተቀምጣለች። የሴት አካል የተመረጠው የጡትና የእንቁላል እጢ ሕዋሳት ለጨረር ይበልጥ ስስ በመሆናቸው ነው።

የማርሱ መንገድ ግን ሌላ ሒሳብ አለው። ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ በሥራ ዘመኑ ሁሉ የፈቀደው ጨረር 600 ሚሊሲቨርት ነው። የናሳ የማርስ ተሽከርካሪ ኪዩሪዮሲቲ ወደዚያ ስትጓዝ የለካችው መጠን ሲሰላ የደርሶ መልስ ጉዞው ብቻ 660 ገደማ ይሆናል፤ ማርስ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ ሳይቆጠር። ከዚህ ውስጥ የፀሐይ ድርሻ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። የቀረው ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣው ጨረር ነው፤ ይህኛው ሳያቋርጥ ይመጣል፣ የመንኮራኩር ግድግዳም በቀላሉ አያቆመውም። የሚገፋውም ፀሐይ ራሷ ስትግል ነው፤ በጋለችበት ዓመት መስኳና ነፋሷ የሩቁን ጨረር ይመልሱታል። በ2021 የታተመ የዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ስሌት ከዚህ ተነሥቶ፣ ወደ ማርስ መሄድ የሚሻለው ፀሐይ በጣም በምትናደድበት ወቅት ነው፤ ጉዞውም ከአራት ዓመት መብለጥ የለበትም ይላል። እንዲህ የወጣ ተጓዥ በየዕለቱ የሚደርስበትን ቀንሶ፣ በአንድ ቀን ሊደርስበት የሚችለውን ይጨምራል። ሰደርያውም፣ የስንቅ ግድግዳውም የሚያስፈልጉት ለዚያ አንድ ቀን ነው።